ማስተካከያ፦ የፅንስ ማጅራት ፈሳሽ የሚለካው በ16ኛው ሳምንት አይደለም

ለሐዋሳ ነፍሰ ጡሮች ባዘጋጀነው የዳውን ሲንድረም (ከተጨማሪ 21ኛ ክሮሞዞም ጋር የመወለድ ሁኔታ) ቅድመ ምርመራ መረጃ፣ የፅንሱ የማጅራት ፈሳሽ (ከአንገቱ ጀርባ ቆዳ ሥር ያለው) በአልትራሳውንድ የሚለካው በ16ኛው ሳምንት ነው ብለን ነበር። ተሳስተናል። ጊዜው ከ11 ሳምንት እስከ 13 ሳምንት ከ6 ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ፈሳሹ ስለሚመጠጥ ልኬቱ የዳውን ሲንድረምን ዕድል ለማስላት አይሆንም።

ሳምንቱ የሚቆጠረው የመጨረሻው የወር አበባ ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ነው፤ የወር አበባዋ ሳይመጣ ከቀረበት ቀን መቁጠር የምትጀምር እናት አራት ሳምንት ያህል ትዘገያለች። በቀን ሲሰላ ከ77 እስከ 97 ነው። መስከረም 1 ከታየ፣ ከኅዳር 18 እስከ ታኅሣሥ 8 ማለት ነው። ጳጉሜን መሐል ከገባች ቀኖቿም ይቆጠራሉ (ብዙ ሰው ይዘላታል)። ቀኑ ካልታወሰ የፅንሱ ርዝመት ይፈርዳል፦ ከራስ እስከ መቀመጫ ከ45 እስከ 84 ሚሊ ሜትር።

ስለ ስሌቱ ውጤት «1 ለ150 ከወጣ ልጁ ዳውን ሲንድረም አለበት» ያልነው ደግሞ የባሰ ስህተት ነው። ይህን ውጤት ካገኙ 150 እርግዝናዎች በአንዱ ይገኛል፣ በ149ኙ አይገኝም ማለት ነው። ከማረጋገጫዎቹ አንዱ ከ15ኛው ሳምንት ጀምሮ በመርፌ የሚቀዳው የእንሽርት ውኃ ምርመራ ነው፤ አነስተኛ የውርጃ ስጋት ስላለው ያለ እናትየዋ ፈቃድ አይደረግም።