አጣሪ ኮሚቴ ሆይ፣ ዕድሜ ይስጥህ!

ትናንት እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ወዳጄ በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልኝ። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2023 የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ስለ በራሪ ሳህን ምስክር የሰሙበት ነው። እንቅልፌን ትቼ ከሁለት ሰዓት በላይ አፍጥጬ ዋልኩበት ማለት ይቻላል። ቁምነገሩ በተጠየቀ ቁጥር የሚመጣውን መልስ እናንተም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ፦ «ይህን በዝግ ስብሰባ ካልሆነ መናገር አልችልም።» ዝግ ከሆነ እኔን ለምን ከአልጋዬ አስነሣችሁኝ?

ይሁን፣ አልተቀየምኩም። እንዲያውም ምስጋና ይገባቸዋል። ሰባ ምናምን ዓመት አጣርቶ፣ አሁንም «ላጣራ» የሚል መንግሥት ከየት ይገኛል?

ስም አወጣጡን እዩልኝ። በ1948 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሥራ የጀመረው የአሜሪካ አየር ኃይል የበራሪ ሳህን አጣሪ «ሳይን» ተባለ፤ ምልክት ማለት ነው። በዓመቱ «ግራጅ» ሆነ፤ ቂም ማለት ነው (ማን ላይ እንደተያዘ አልተገለጸም)። በ1952 ደግሞ «ብሉ ቡክ» (ሰማያዊ መጽሐፍ) ተብሎ ክርስትና ተነሣ። ኦሃዮ ውስጥ ራይት ፓተርሰን በተባለው የአየር ኃይል ሰፈር ተቀምጦ ከ1947 ጀምሮ የመጣውን ጨምሮ እስከ 1969 ድረስ 12,618 ጥቆማ መዘገበ። 701ዱ ምን እንደሆኑ ሳይታወቅ «ለአገር ደኅንነት አያሰጉም» ተብሎ ተዘጋ። ምንነቱን ሳያውቁ አለማስጋቱን ማወቅ ለሁሉም የማይሰጥ ጸጋ ነው።

የኔ ፍቅር ግን ሮዝዌል ናት። በጁላይ 1947 የኒው ሜክሲኮው የሮዝዌል ጦር ሰፈር «በራሪ ሳህን በእጄ ገባ» ብሎ ለጋዜጣ ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ «የአየር ጠባይ መለኪያ ፊኛ ነው» ተባለ። በ1994 ደግሞ «የለም፣ የሶቪየትን የኑክሌር ሙከራ ለማዳመጥ በምስጢር የተላከ ፊኛ ነበር» አሉ። እሺ፣ ፊኛ በፊኛ ተተካ። ሬሳ አየን ያሉትስ ሰዎች? ለእነሱም መልስ አልጠፋም። በ1997 የወጣው የአየር ኃይሉ ሪፖርት፣ ያዩት ለሙከራ ከሰማይ በጃንጥላ የተጣሉ ሰው መሳይ አሻንጉሊቶች ናቸው አለ። አሻንጉሊቶቹ መጣል የጀመሩት ግን በ1950ዎቹ ነው። ለዚህም መልስ አለ፦ ምስክሮቹ ዓመቱ ተምታቶባቸው ነው!

በሰፈራችን ቋንቋ ላስረዳ። እማማ ዶሮ ጠፋቻቸው። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሃምሳ ዓመት ሲያጣራ ኖሮ «የበላቻት የጎረቤት ድመት ናት» አለ።

«ልጆቼ፣ ያኔኮ ድመቷ አልተወለደችም!»

«እማማ፣ እርስዎ ተምታቶብዎት ነው። ዶሮዋ የጠፋችው ድመቷ ከተወለደች በኋላ ነው።»

«ለፋሲካ ያሳደግኳት ናት እኮ!»

«የትኛው ፋሲካ?»

እማማ ትክዝ አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ባለቤቲቱ አምነዋል» ተብሎ ተጻፈ። ላባውስ? የፊኛ ነው። አጥንቱስ? እሱን በዝግ ስብሰባ። ታዲያ ያን ሰሞን ከኮሚቴው ሰብሳቢ ቤት የሸተተው ወጥስ? እማማ፣ እሱም የሸተትዎት በ1954 ነው። የአየር ኃይሉ ሪፖርት ርእስ ደግሞ ምን መሰላችሁ? «ጉዳዩ ተዘግቷል።»

ቀልዱን ለአንድ አፍታ ልተወው። ሲአይኤ በ1950ዎቹ ዩ-2 የተባለ የስለላ አውሮፕላን ከ60,000 ጫማ በላይ ያበር ነበር። ምድር ሲጨልም ላዩ ላይ ያለው አውሮፕላን ገና ፀሐይ እየመታው ያበራል። ከታች ያሉ አብራሪዎች ይህን አይተው አመለከቱ። የብሉ ቡክ ሰዎች ሲአይኤን ጠይቀው እውነቱን ያውቁ ነበር፤ ለአመልካቹ ግን «የበረዶ ቅንጣት ነው፣ የአየሩ ሙቀት ነው» ይሉት ነበር። ይህን የጻፈው በ1997 የሲአይኤ የራሱ መጽሔት ነው። ምስጢር ጠብቁ፣ ማንም አልከለከላችሁም። ግን ዓይኑ ያየውን በቅንነት የተናገረ ሰው መሳቂያ ሲሆን፣ ትክክል ማየቱን እያወቃችሁ እንዴት አስቻላችሁ? ነውር ነው! ደመወዛችሁን የሚከፍለውስ እሱ አልነበረም?

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። በ2021 በወጣው የአሜሪካ መንግሥት ሪፖርት ከተመረመሩት 144 ጥቆማዎች አንዱ በእርግጠኝነት ታወቀ። አየሩ እየወጣ ያለ ትልቅ ፊኛ ነው። ከፊኛ ተነሥቶ ፊኛ ላይ ለመድረስ 74 ዓመት! በ2022 ደግሞ አዲስ አጣሪ ቢሮ ተከፈተ። «ዩፎ» (ምንነቱ ያልታወቀ በራሪ ነገር) የሚለው ስም ቀድሞውኑ «ዩኤፒ» (ምንነቱ ያልታወቀ የአየር ላይ ክስተት) ሆኗል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ መሀል ያለችው «ኤ» ሳትነካ ትርጉሟ በሕግ ተቀየረ። ድሮ «የአየር ላይ» ነበረች፣ አሁን «ያልተለመደ» ሆነች። ማኅተም እንኳ መቀየር አያስፈልግም፤ ቁጠባ ማለት ይህ ነው። ጡረታ በወጣ ማግስት ትዝታው የሚበራለትን መኮንን፣ «አንድ ቀን እነግራችኋለሁ» እያለ የሚያረጀውን ምሁር ሳላመሰግን ባልፍ ይቀየሙኛል።

በማርች 2024 አዲሱ ቢሮ ከ1945 ጀምሮ ያለውን መዝገብ ሁሉ አገላብጦ ሪፖርት አወጣ። አጣሪው የቀድሞ አጣሪዎችን ማጣራቱ ነው። ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር ለመኖሩ ማስረጃ አላገኘም፤ እኔም ይመጣል ብዬ ቡና አላፈላሁም። ሽፋኑን አይቼ ግን ልቤ አረፈ።

«ቅጽ አንድ» ይላል።