10 በመቶ ትንሽ አይደለም

ስለ አየር ትንበያ በወጣ አንድ ጽሑፍ ላይ «የዛሬ ከሰዓቱ የቶርኔዶ ዕድል 10 በመቶ ብቻ ነው» መባሉ ከነከነኝ። በኦክላሆማ፣ ኖርማን የሚገኘው የአሜሪካ የማዕበል ትንበያ ማዕከል በዚህ ቁጥር የሚናገረው፣ እናንተ ካላችሁበት በ40 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ውስጥ ቶርኔዶ (ከደመና እስከ መሬት የሚሽከረከር ኃይለኛ ነፋስ) የመከሰት ዕድልን ነው። በተራ ቀን ይኸው ዕድል 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ 10 በመቶ በጣም ያሳስባል።

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ማለቱም አያዘናጋችሁ። በጸደይ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው እርጥብ አየር ከታች ይከማቻል፤ ሞቃትና ደረቅ አየር ከላይ እንደ ክዳን ይጫነዋል። ፀሐይዋ መሬቱን ስታግለው ክዳኑ ይበረገዳል። ያኔ ደመናው አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ሽቅብ ይመዘዛል። ነፋሱ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር ፍጥነትና አቅጣጫ የሚቀይር ከሆነ ደግሞ ማዕበሉ መሽከርከር ይጀምራል።

ክዳኑ ከጠነከረ ግን ጠብታም ላይወርድ ይችላል። እባካችሁ በዚህ ባለሙያዎቹን «ዋሹን» አትበሏቸው፤ ይህን በጠዋቱ መለየት እውነትም ከባድ ነው።

ቅድመ ማሳሰቢያ (ቶርኔዶ ሊከሰት ይችላል ማለት ነው) ሲወጣ ተዘጋጁ። ማስጠንቀቂያ (ቶርኔዶ ታይቷል ወይም በራዳር ተጠቁሟል ማለት ነው) ሲወጣ ግን ቪዲዮ ልቅረጽ ሳትሉ ምድር ቤት ግቡ፤ ምድር ቤት ከሌለ መስኮት የሌለው መሃል ክፍል።