እርማት፦ በእርግዝና ጊዜ ማህፀን ላይ የታየ እብጠት ሁሉ ማዮማ (ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ጡንቻ እጢ) አይደለም
እህቴ፣ «ኮምቦልቻ በተነሳሁት አልትራሳውንድ 5 ሳንቲ ሜትር ማዮማ ታየ፤ ቶሎ ካልወጣ ካንሰር ይሆናል አሉኝ» ብለሻል። አይዞሽ፣ እንዲህ አይደለም። የማህፀን ጡንቻ አንድ ቦታ ላይ ሲኮማተር ልክ እንደ እጢ ድቡልቡል ብሎ ይታያል፤ ከ30 ደቂቃ በኋላ ደግመው ሲያዩት ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ደሴ ወጥተሽ ስትታዪ ቆይተው እንዲደግሙልሽና በዶፕለር (የደም ፍሰትን በሚያሳይ አልትራሳውንድ) እንዲያዩት ጠይቂ። የማዮማ ደም ስሮች ዳርዳሩን ይከቡታል፤ የአዴኖማዮማ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ጡንቻው ውስጥ ገብቶ የሚፈጥረው እብጠት) ግን መሀሉን ሰንጥቀው ያልፋሉ። እብጠቱ በአልትራሳውንድ ነጭ ሆኖ የሚያበራ ከሆነ ስብ ያለበት፣ ብዙም የማያጋጥም እጢ ሊሆን ይችላል። ካልለየ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ ምስል) አለ፤ ምስሉን ለማጉላት የሚሰጠው የጋዶሊኒየም መርፌ ግን ይቅር። ማዮማ ካንሰር ይሆናል የሚለው ስጋት መሠረቱ ደካማ ነው፤ በእርግዝና መሀል ማውጣቱ ግን ብዙ ደም ሊያፈስ ስለሚችል አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ እንዲሆን ይተላለፋል። ድንገት ቦታው ላይ ቢወጋሽ ኢቡፕሮፌን በራስሽ አትውሰጂ፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፤ የሽሉን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ደም ከታየሽ ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ።