ማንኪያ የሚወረወርለት ፊልም

ብዙ ሰው የሚወደው ፊልም ችግር የለውም። ሰው ያየዋል፣ «አሪፍ ነው» ይላል፣ እራቱን በልቶ ይተኛል። ቀንደኛ ተከታይ ያለው ፊልም ግን ሌላ ጣጣ ነው። ተከታዩ እናንተን ካላስከተለ እንቅልፍ አይወስደውም።

«ዘ ሩም»ን ውሰዱ። ቶሚ ዋይዞ የሚባል ሰው ጻፈው፣ አዘጋጀው፣ ዋናውን ገጸ ባሕርይም ራሱ ተጫወተው። 6 ሚሊዮን ዶላር ፈሶበታል ይባላል። በ2003 ሎስ አንጀለስ ላይ ሁለት ሳምንት ታይቶ 2,000 ዶላር እንኳ አልሞላለትም። ትኬት መሸጫው ላይ «ገንዘብ አይመለስም» ተብሎ ተለጥፎ ነበር። (ካሳዩት ሲኒማ ቤቶች አንዱ ፌርፋክስ ጎዳና አካባቢ ነበር። በዚያው ጎዳና ወደ ደቡብ ሲወርዱ ትንሿ ኢትዮጵያ ትገኛለች። ከሀገር ልጅ ገብቶ ያየ ካለ፣ መጽናኛ ክትፎ ቅርብ ነበረለት።)

ፊልሙ ውስጥ አንዲት እናት ለልጇ የጡት ካንሰር እንዳለባት ትነግራታለች። ልጅት እንደ ጉንፋን ታልፈዋለች። ከዚያ በኋላ ነገሩን የሚያነሳ ሰው የለም። እናትየው ዳነች? ታመመች? ዝም። ሌላ ቦታ ደግሞ ጎረምሶች የሰርግ ሱፍ ለብሰው፣ እጅ ለእጅ ሊቀባበሉት በሚችሉት ርቀት ኳስ ይወራወራሉ። ለምን ሱፍ? አይጠየቅም።

አንድ ወጣት ይህን ጉድ ባዶ ሊባል በሚችል አዳራሽ ውስጥ አየ። ሳቁ አላስችል ሲለው ለጓደኞቹ ደወለ። ፊልሙ ሊወርድ ሲል አዳራሹ ጢም አለ። ከዚያ ወዲህ በየከተማው በእኩለ ሌሊት ይታያል።

ፊልሙ ላይ በሚታየው ሳሎን ውስጥ በፍሬም የተቀመጠ የማንኪያ ፎቶ አለ። ፎቶው ብቅ ባለ ቁጥር ተመልካቹ «ማንኪያ!» ብሎ ይጮህና የፕላስቲክ ማንኪያ ወደ ስክሪኑ ያዘንባል። ይህን የእድራችን ንብረት ያዥ ቢያይ ራሱን ይስት ነበር። አንዲት ጭልፋ ጎደለች ብሎ የለቅሶ ቤት የሚያስፈትሽ ሰው ነው!

ዋይዞ መጀመሪያ ልብ የሚነካ ድራማ ብሎ ነበር ያቀረበው። ሰው ሲስቅበት ጊዜ ቀልድ ነው አለ። ብልጥ ነው። ማሳያው ላይ እየተገኘ ከተከታዮቹ ጋር ፎቶ ይነሳል።

ከባዱ ግን ከተከታይ ጎን መቀመጥ ነው። እሱ ስክሪኑን አያይም፤ የእናንተን ፊት ነው የሚያየው። ቀልዱ ሳይመጣ በክርኑ ይጎሽማችኋል። «አሁን፣ አሁን፣ ቆይ!» ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት እሱ ይጨርስለታል። ከሳቃችሁ እሱ ራሱ እንደ ደረሰው ይኮራል። ካልሳቃችሁ «አልገባህም» ይባላል። መጥፎ ነው ብትሉት ደስ ይለዋል፣ «እሱ'ኮ ነው ቁም ነገሩ!» መልካም ነው ብትሉትም ደስ ይለዋል። በምንም አይሸነፍም።

ስትወጡ ትከሻችሁን አቀፍ አድርጎ ለሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ይበልጥ እንደሚገባችሁ ይነግራችኋል። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ይቀጥራችኋል። ደግሞ ባዶ እጅ አይመጣም፤ ያላየ ሰው ይዛችሁ ኑ።