ባሌስትራና ይሉኝታ

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ላንድክሩዘር ያለውን ሰው «መኪና አለው» ማለት ያስቸግራል። መኪናው የዘመድ ነው። የጎረቤት ነው። የእድር ነው። እሱ ሊብሬው ላይ ስሙ የሰፈረ፣ ነዳጅ የሚሞላና ቦሎ የሚያሳድስ ሰው ነው። ሌላ ሥልጣን የለውም።

አጎቴ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው። መኪናዋ 60 ሞዴል ላንድክሩዘር ናት። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1980 አውጥቷት አሥር ዓመት ያህል ሲሠራት የቆየች፣ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ፣ ማለትም ክብደቷን በሚሸከሙ የተደራረቡ ጎባጣ ብረቶች ላይ የምትሄድ። እሷን የተካው 80 ሞዴል ባሌስትራውን ጥሎ በተጠመዘዘ የብረት ሞላ መጣ። አጎቴ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለም። «ሞላ ለሶፋ ነው» ይላል።

ይህች መኪና ዘንድሮ ከኋላ ተቀመጠች። አፍንጫዋ ሰማይ ሰማይ ማየት ጀመረ። ማታ ማታ መብራቷ አስፋልቱን ትቶ የሰው ፎቅ መስኮት ያበራል። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ሁሉ ዓይኑ ሲጠፋበት ረዥም መብራት ያበራባታል። አጎቴ ሰላምታ መስሎት እሱም መልሶ ያበራል። እጁንም ያነሳል። «አሮጌ መኪና እንዴት እንደሚከበር አየህ?» አለኝ አንድ ማታ፣ በጣም ደስ ብሎት።

ከኋላ የተቀመጠ መኪና እንደ ታመመ ሰው ነው፤ ያየው ሁሉ መድኃኒት ያዝለታል። የፓርኪንጉ ልጅ ጎማ ነው፣ ነፋስ ጨምሩበት አለ። የጎረቤት ጥበቃ ሾክ አብዞርበሩ ሞቷል አለ። ሾክ አብዞርበር የባሌስትራውን ዝላይ ያበርዳል እንጂ መኪና ተሸክሞ አያቆምም፤ ይህን ለጥበቃው የሚነግር ግን አልተገኘም። የእድሩ ዳኛ ደግሞ ከባሌስትራው ላይ ጣውላ መሸጎጥ ነው ብለው ፈረዱ። የእድሩ ዳኛ መኪና ነድተው አያውቁም። ዳኛ ግን ናቸው።

«ሽጣትና ሌላ ግዛ» ያለም አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ግን አጎቴ መኪናዋን የሚያይበት ዓይን ለስልሷል። እንዲህ ያለ ምክር የሰጠ ሰው ቡና እንኳ ሳይጠጣ ነው የሚሸኘው።

መካኒኩ ብዙ የማያወራ ሰው ነው። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቆማት። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ድረስ በሜትር ለካ፤ መጀመሪያ በቀኝ፣ ከዚያ በግራ። ግራው በሁለት ጣት ያንሳል። ይህ ወሬ ቤት ሲደርስ ምርመራ ተጀመረ። ሁልጊዜ በግራ በኩል የሚቀመጠው ማነው? ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤተ ዘመዱ በሙሉ ወደ ቀኝ ተሸጋሸገ። ግራው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሕፃን እንኳ ጠፋ።

መካኒኩ ከሥር ገባ። ጤነኛ ባሌስትራ ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ ቀና፣ መሃሉ ወደ ታች ጎበጥ ያለ ነው። የእኛው እንደ ቆጥ ቀጥ ብሏል። በግራ በኩል እንዲያውም ወደ ተቃራኒው መታጠፍ ጀምሯል። ከተደራረቡት ብረቶች አንዱ ተሰንጥቋል። ጫፍና ጫፉ ላይ የሚገቡት ላስቲኮች፣ ጎሚኒዎቹም፣ አልቀዋል።

«ምን ትጭናላችሁ?» አለ ከሥር ሆኖ።

«ምንም» አለ አጎቴ።

መካኒኩ ወጣ። የኋላውን በር ከፈተና ምንጣፉን ገለጥ አደረገ። ጤፍ አለ። የሽንኩርት ልጣጭ አለ። የከሰል ብናኝ አለ። የበግ ፀጉር አለ። አንድ የድንኳን ካስማ አለ።

«እሺ ጋሼ» አለ። ሌላ አልተናገረም።

አጎቴ ግን አልዋሸም። እሱ በእውነት ምንም አይጭንም። የሚጭኑት ሌሎች ናቸው። ጥር ላይ ከአድአ ጤፍ ይመጣል፤ «ሁለት ኩንታል ናት፣ ምን አላት?» ይባላል። ሁለት ኩንታል 200 ኪሎ ነው፤ ሦስት ጎልማሳ ሰው ማለት ነው። የጤፉ ባለቤትና ሁለት ልጆቹ ደግሞ ጤፉ ላይ ይቀመጣሉ። ለፋሲካ ከደብረ ብርሃን በግ ይመጣል፣ ፖርቶመጋላው ላይ ታስሮ። ከሐዋሳ ሲመለሱ ዝዋይ ላይ ሽንኩርት ይገዛል። ርካሽ ነው፤ ርካሽ ነገር ደግሞ በኪሎ አይገዛም። ሰው ሲሞት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ብረት ድስት ይጫናል። ለቅሶ ላይ እምቢ አይባልም። ሠርግ ላይም አይባልም። ከዚያ የሚተርፈው ቀን ትንሽ ነው፤ እሱም ቤት ለሚቀይር ሰው ተይዟል።

ጥሩ ባሌስትራ ሲጫን ይዘረጋል፣ ሲራገፍ ይመለሳል። ሥራው ነው። ከልኩ በላይ ሲጫን ግን ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ትንሽ ይቀራል። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ ትንሽ ይቀራል። ያንኑ ጭነት ይዞ ጉድጓድ ውስጥ መግባት ደግሞ ክብደቱን ለቅጽበት ያባዛዋል። መንገዱ ነው የጨረሳት ይላሉ ሁሉም። እኔ አይመስለኝም። ኮሮኮንች ላይ ቀስ ብሎ መንዳት ይቻላል። ዘመድ ላይ ቀስ ብሎ መንዳት አይቻልም።

የመጀመሪያው የጥገና ሐሳብ የባሌስትራውን ማንጠልጠያ ማስረዘም ነበር። መኪናዋ ከፍ ትላለች፤ የደከመው ብረት ግን እንደደከመ እዚያው ነው። መካኒኩ «ለፎቶ ከሆነ ይሆናል» ብሎ ተወው። ሁለተኛው ቀጥቃጭ ጋ ወስዶ፣ እሳት ላይ አግሎ ማጉበጥ ነበር። ርካሽ ነው፤ ጠዋት የሰጡት ብረት ማታ ጎብጦ ይመጣል። ነገር ግን ባሌስትራ ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ ግሎ፣ ዘይት ውስጥ ተነክሮ፣ እንደገና በልኩ ሞቆ ነው። ከሰል ላይ አግለው መዶሻ ካወረዱበት በኋላ ያንን ሁሉ ካልደገሙለት ቅርፁ ይመለሳል እንጂ ጉልበቱ አይመለስም። አንድ የጥር ጤፍ ይበቃዋል።

አጎቴ ሦስተኛውን መረጠ፤ ከአይሱዙ የተነቀለ አንድ ወፍራም ብረት መጨመር። አይሱዙ የጭነት መኪና ነው። መኪናዋ ቀና አለች። እንዲያውም ከኋላ አልፋ ተነሥታ አስፋልቱን ማሽተት ጀመረች። ፍጥነት መቀነሻ ሲያልፉ ግን ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጣራውን በራሱ ይመታል። አክስቴ ጎተራ ላይ «አውርዱኝ፣ እስከ ሳሪስ በእግሬ እሄዳለሁ» አለች። ሄደችም።

መካኒኩ ሲጠየቅ እውነቱን ተናገረ። የወፈረ ባሌስትራ ባዶውን ይደርቃል፣ ሲጫን ይለሰልሳል። «ባዶዋን አይንዷት ጋሼ። ትንሽ ነገር ከኋላ ቢኖርባት ጥሩ ነው።»

ይህች ንግግር በስልክ ዘመዱን ሁሉ ለማዳረስ አንድ ሰዓት አልፈጀባትም። እስከዚያ ቀን ድረስ ይለምኑ የነበሩ ሰዎች ውለታ መዋል ጀመሩ። «ለመኪናህ ይጠቅማታል ብዬ እንጂ ሲሚንቶውንስ ሌላ ሰው ይወስድልኝ ነበር» ያለ አለ። አጎቴ አመስግኖ ጫነለት።

በመጨረሻ ሙሉ ባሌስትራ ይቀየር ተባለና ሶማሌ ተራ ወረድን። እዚያ ኦሪጅናል ያልሆነ ዕቃ የለም። ኦሪጅናል አለ። ሁለተኛ ደረጃ ኦሪጅናል አለ። ኦሪጅናሉን የሚያስንቅ አለ። ያገለገለ ኦሪጅናልም አለ። አጎቴ በመሃል አንድ ስፖኪዮ አይቶ ቆመ፤ አምና ከመኪናዋ ላይ የጠፋውን ይመስላል። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» አለው። አጎቴ «አውቃለሁ» አለ።

ባሌስትራው በጥንድ ተገዛ። ግራው ብቻ ቢቀየር መኪናዋ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች፤ ያኔ ደግሞ ቤተ ዘመዱ እንደገና መሸጋሸግ ሊኖርበት ነው። መካኒኩ ባሌስትራውን ከአክሰሉ ጋር የሚያስሩትን አሮጌ ቡሎኖች አልመልስም አለ፤ አንዴ ተጠብቀው የተለጠጡ ናቸውና አዲስ ይምጣ። ጎሚኒውም በአዲስ ተተካ። የጫፍና የጫፉን ቡሎን ያጠበቀው ደግሞ ክሪኩ ወርዶ፣ ጎማው መሬት ረግጦ፣ ክብደቱ ባሌስትራው ላይ ካረፈ በኋላ ነው። እንደተንጠለጠለች ከተጠበቀ ጎሚኒው ተጠማዞ ቶሎ ያልቃል። ትንሽ ከተነዳች በኋላ ተመልሳ እንድትጠበቅም አዘዘ። «ለጊዜው ጭነት አይብዛባት» ብሎም ጨመረ። ይህችኛዋ ንግግር በስልክ ማንም ጋ አልደረሰችም።

መኪናዋ ተስተካከለች። መብራቷ አስፋልት ላይ ወረደ። ከፊት የሚመጣ ሾፌር ረዥም መብራት ማብራት አቆመ። «ሰው ተለወጠ፤ ድሮ ሰላም ይሉኝ ነበር» አለ አጎቴ።

ቅዳሜ ዕለት ሰፈሩ ሊያያት ወጣ። የእድሩ ዳኛ ከኋላ በሁለት እጃቸው ጫን ጫን አድርገው ሞከሯት። «አሁን ገና መኪና ሆነች» አሉ። ዓይናቸው ፖርቶመጋላው ላይ ነበር።

አሮጌው ባሌስትራ ግቢ ውስጥ ተከምሯል። አሮጌ ባሌስትራ ገጠር ሲገባ ተፈላጊ ነው፤ ቀጥቃጭ ማረሻ፣ መጥረቢያና ገጀራ ያወጣበታል። ወሬው አድአ ለመድረስ አልዘገየም። የጤፉ ባለቤት ደወለ።

«ወንድምዓለም፣ ያንን ብረት እንዳትጥለው። ለማረሻ እፈልገዋለሁ።»

«መጥተህ ውሰደዋ!» አለ አጎቴ፣ ለወጉ እንኳ ጠንከር ብሎ።

«በምን ልውሰደው? ብረት እኮ ነው፣ ይከብዳል። አንተ መኪና አለህ።» ትንሽ ዝም አለና ቀጠለ። «ደግሞ ባዶህን አትመለስም፤ ጤፉ ተወቅቷል።»