ከድምፁ በፊት ክፍሉ

በድምፅ ንባብ ሥራ ስለ መጀመር ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ጥሩ ድምፅ ያለው ሰው ማይክሮፎን ገዝቶ ይጀምር ይላል። አልስማማም። ለዓመታት በትረካና በማስታወቂያ ንባብ ስሠራ እንዳየሁት፣ ብዙ ጀማሪዎችን የሚጥላቸው ድምፃቸው ሳይሆን ክፍላቸው ነው። ባዶ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ይወረውራል፤ ውድ ማይክሮፎን ደግሞ ያንኑ ማስተጋባት አጥርቶ ይቀዳዋል። ፊታችሁን ልብስ ወደ ሞላበት ቁም ሣጥን አዙሩ፤ ከማይክሮፎኑ ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ራቁ፤ አፋችሁን በትንሹ ወደ ጎን አድርጉ። ያን ጊዜ «ፓ» እና «ጳ» ስትሉ የሚፈነዳው ትንፋሽ በቀጥታ አይመታውም።

ውሉንም አደራ! ድምፃችሁ የትና እስከ መቼ እንደሚያገለግል፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሠልጠኛ ይዋል አይዋል ሳይጻፍ አትፈርሙ። እኔ ለአንድ ዓመት መስሎኝ ያነበብኩት ማስታወቂያ ዛሬም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይተላለፋል።