በፎቶ የሚዘከር ዝክር የለም

ባለፈው የካቲት አንድ የማውቀው ልጅ ፕሮፋይሉን የምኒልክ ፎቶ አድርጎ «እንኳን ለአድዋ ድል በዓል አደረሳችሁ» ብሎ ለጥፎ አየሁ፣ ቀኑን ሳየው የካቲት 22 ነው። ደወልኩለት። «ጎግል ላይ ማርች 1 ነው የሚለው» አለኝ። እናትህ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ካላንደር አታይም ወይ አልኩት፣ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም፣ ምክንያቱም ከሱ ስር ሰማንያ ምናምን ሰው «አሜን አብሮ ያድርሰን» ብሎ ኮሜንት አድርጎ ነበር፣ አንድም ሰው ቀኑ ነገ ነው ያለ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ጎግልም አልዋሸም። ጦርነቱ የተካሄደው እሁድ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ ያኔ በፈረንጅ ማርች 1 ነበር። ችግሩ የመጣው ፈረንጆቹ 1900ን ጳጉሜ 6 እንደምንለው አይነት ተጨማሪ ቀን ስላልሰጡት ነው፣ እነሱ በ100 የሚካፈለውን ዓመት በ400 ካልተካፈለ ይዘሉታል፣ እኛ ደግሞ ምንም ሳንዘል በየአራት ዓመቱ እንጨምራለን፣ ስለዚህ ከዛ ወዲህ በሁለታችን መሃል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። አሁን የካቲት 23 የሚውለው ማርች 2 ነው፣ በየዓመቱ። የምኒልክም ልደት እንደዛው፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ያኔ ኦገስት 17 ነበር፣ ዛሬ ነሐሴ 12 ኦገስት 18 ላይ ነው የሚውለው። ይሄን የምለው ሂሳብ ለማሳየት አይደለም። ቀኑ የኛ ነው፣ የተፃፈው በኛ አቆጣጠር ነው፣ እናንተ ግን ወደ ፈረንጅ አዙራችሁ ከዛ ደግሞ ወደ አማርኛ መልሳችሁ ስታመጡት መንገድ ላይ አንድ ቀን ይጠፋል። የዓመተ ምህረቱማ አይወራም፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ 22 አካባቢ ድረስ 7፣ ከዛ በኋላ ደግሞ 8 መደመር እንዳለብን እንኳን ረስተን ስንቱን ሰው ከተወለደበት አንድ ዓመት ቀድሞ ወለድነው።

እሺ ቀኑንስ ተሳሳታችሁ እንበል፣ ሰው ነን። የሚያበሳጨኝ ሌላው ነው። አያቴ የሚካኤል ዝክር ነበራት፣ ወር በገባ በ12። ጠላው ከሳምንት በፊት ይጠነሰሳል፣ ድፎው ሌሊት ይጋገራል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ደጅ ላይ ያለ የኔ ቢጤም ይገባል፣ ቄሱ ፀሎት አድርሰው ዳቦው ይቆረሳል። ማህበር ላይ ደግሞ ፅዋውን የወሰደ ሰው ወደ ቤቱ ይዞት ይሄዳል፣ የሚቀጥለው ወር የሱ ተራ ነው፣ ቢደኸይም ቢታመምም ተበድሮም ቢሆን ይደግሳል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ለሞተባቸው ሰው ሰደቃ ሲያወጡ ያው ነው፣ የሚበላ ነገር ከቤት ይወጣል። በኛ ሀገር ሰው ማሰብ ማለት እንደዚህ ነበር፣ ከኪስ ይወጣል፣ ተረኛ አለው፣ የተራበ ይበላበታል። አሁን እኮ ዝክራችን ምንድነው፣ አንድ ሻማ፣ የተቀነባበረ ፎቶ፣ «ሁሌም በልባችን ውስጥ ነህ»፣ በቃ። ኮፒ ፔስት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያው ሰውዬ ቲክቶክ ላይ ሲጨፍር ታገኙታላችሁ።

የካቲት 12ን ውሰዱ። በየዓመቱ ሻማው ይለጠፋል፣ ግን ከለጣፊዎቹ ስንቱ ነው ያ ቀን ምን ተብሎ ሰው እንደተሰበሰበ የሚያውቀው? የልደት ግብዣ ነበር እኮ! የጣልያን ልዑል ልጅ ተወለደለት ተብሎ ግራዚያኒ ለድሃ ምፅዋት እሰጣለሁ ብሎ የአዲስ አበባን ህዝብ ገነተ ልዑል ግቢ ጠራው፣ አሁን የዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ የሆነው 6 ኪሎ። ዕለቱ ሚካኤል ነው። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ቦምብ ወረወሩ፣ ከዛ ሶስት ቀን ሙሉ ከተማው ታረደ፣ ቤት ከነሰው ተቃጠለ፣ ኢትዮጵያ በኋላ ያቀረበችው ቁጥር 30 ሺህ ነው። ሚኒባስ ውስጥ «6 ኪሎ ወራጅ አለ» እያልን በሀውልቱ ስር የምናልፍ ሰዎች፣ ሆስፒታሉ ገብተን የምንታከም ሰዎች፣ አንድ ቀን እንኳን ወርደን ሀውልቱ ላይ የተቀረፀውን ምስል ቆመን አይተነዋል? እኔ ራሴ እዛው ሰፈር ለዓመታት ተመላልሼ ዞሬ ያየሁት አንድ እንግዳ ከውጭ መጥቶ አሳየኝ ሲለኝ ነው። አፈርኩ።

ከየካቲት 12 ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ጭራሽ ረስታችሁታል። ግንቦት 12 ቀን 1929 የተክለሃይማኖት በዓል ነው፣ ደብረ ሊባኖስ ሰው ሞልቷል፣ ጣልያን ከበበና መነኮሳቱን እየጫነ ወስዶ ረሸናቸው። ግራዚያኒ ራሱ ለሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኩሴ ማስገደሉን ፅፏል፣ በኋላ ያጠኑት ሰዎች ደግሞ ቁጥሩ ከዛ በብዙ እንደሚበልጥ ነው የሚሉት። ግንቦት 12 ላይ ግን ፕሮፋይል የሚቀይር የለም፣ ለምን ቢባል አብነት የሚሆን ፖስት ማንም አልሰራልንማ፣ የሚኮረጅ ከሌለ አናስብም።

ሚያዝያ 27ም እንደዛው። ሁላችንም የአርበኞች ቀን እንላለን። ያ ቀን ግን ሁለት ቀን ነው፣ በ1928 ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት ሚያዝያ 27 ነው፣ ንጉሱ ደግሞ ሆን ብለው ልክ በአምስተኛ ዓመቱ በዛው ቀን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ተመልሰው ገቡ። ቀን መምረጥ ማለት እንደዚህ ነው። ደርግ መጣና በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛወረው፣ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ መለሰው። መንግስቶቻችን ቀን ላይ ጨዋታ ይወዳሉ፣ ጥቅምት 23 የዘውድ በዓል ነበር፣ ሐምሌ 16 የጃንሆይ ልደት፣ እነዛ ተፋቁና መስከረም 2 መጣ፣ እሱ ተፋቀና ግንቦት 20 መጣ፣ እሱም ያው ሆነ። የሚገርመው ጥቅምት 23ን እና ሐምሌ 16ን ሳያቋርጡ የያዙት ሻሸመኔና ጃማይካ ያሉ ራስታዎች ናቸው። ያለ ማንም አዋጅ። እኛ ግን አዋጅ ካልወጣ፣ ቢሮ ካልተዘጋ ቀን ያለ አይመስለንም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሟች መርጠን ማዘናችን ነው። ህዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት 60ዎቹ ባለስልጣናት ተገደሉ፣ በማግስቱ ህዳር 15 አፋር ሐዳር ላይ ሉሲ፣ ድንቅነሽ፣ ተገኘች። ሀገሪቱ በአንድ ሌሊት ልዩነት ሽማግሌዎቿን ቀብራ አያቷን አገኘች። ይሄን ሁለት ቀን አንድ ላይ የሚያስብ ሰው አላየሁም፣ አንዱን የሚለጥፍ ሌላውን አይለጥፍም። ስድሳዎቹን የፃፈ ሰው ስር ሄዳችሁ «የኛዎቹስ?» ትላላችሁ፣ በቀይ ሽብር ልጁን ያጣ ሰው ስር ሄዳችሁ ደግሞ ሌላ ስድብ። ለቅሶ ቤት ገብታችሁ እንደዛ ትላላችሁ? አትሉም፣ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ትቀመጣላችሁ። እዚህስ ምን ነካችሁ?

ህያዋኑንም ተዉአቸው እባካችሁ። በየጊዜው አንድ ሽማግሌ አርቲስት በስልክ «አልሞትኩም» ሲል መስማት ሰልችቶኛል። ማንም ሳያጣራ «ነፍስ ይማር» ብሎ ሼር ያደርጋል፣ ቤተሰብ ከስልክ ጥሪ ብዛት ይታመማል፣ ማታ ደግሞ «ይቅርታ ተሳስተን ነው»። እሱ ሰውዬ እኮ ከመሞቱ በፊት ቤት ኪራይ ቸግሮት ነበር፣ ያኔ የት ነበራችሁ።

ስለ ልደት ካነሳን አይቀር፣ አሜሪካ ያለው አጎቴ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ነው። የሚስቱም። የጓደኛውም። ወረቀት ሲሞሉ ቀኑን አናውቅም ሲሉ ፀሐፊው ጃንዋሪ 1 ብሎ ሞላላቸው፣ ይኸው በየዓመቱ ፌስቡክ በአንድ ቀን ግማሹን ዘመድ እንኳን ተወለድክ በሉት ይለኛል። አጎቴን ብትጠይቁት ግን «የአቦ ለት ነው የተወለድኩት፣ የጤፍ አጨዳ ላይ» ይላችኋል። ያ ለሱ በቂ ነው። ምሩጽ ይፍጠርንም ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሁለት ወርቅ ሲያገኝ ጋዜጠኛው ሁሉ የሚያሯሩጠው ዕድሜህ ስንት ነው እያለ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሳይነግራቸው ቀረ። የልደት ቀን የሌለው ሰው ልደቱ አይከበርም ማለት አይደለም፣ ምሩጽን ለማሰብ ቀን ከፈለጋችሁ የሮጠበት ቀን አለ።

በእስራኤል ያሉ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንን አይታችሁ ከሆነ፣ በሱዳን በኩል ሲጓዙ በየበረሃውና በየካምፑ የሞቱባቸውን ወደ 4 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በኢየሩሳሌም ቀን ሄርዝል ተራራ ላይ ተሰብስበው ያስባሉ። ቄሶቹ ይፀልያሉ፣ የሀገሪቱ ባለስልጣናት ይመጣሉ፣ ልጁን መንገድ ላይ የቀበረ ሽማግሌ እዛ ቆሞ ያለቅሳል። ያንን ቀን ማንም በስጦታ አልሰጣቸውም፣ ጠይቀው ተከራክረው ነው ያገኙት። እኛ ያለንን ቀን እንኳን በፖስት ጨዋታ እንጨርሰዋለን።

ስለዚህ የምላችሁ፣ ሁሉንም ቀን አትለጥፉ። ዓመቱን ሙሉ በየማለዳው «በዛሬው ዕለት» እያላችሁ የማታውቁትን ሰው አታንሱ። እንደ ማህበር አድርጉት፣ አንድ ሰው አንድ ቀን ይያዝ። ፅዋውን ያንሳ። በዛ ቀን ስለዛ ሰው የሆነ ነገር ያንብብ፣ ለሰፈሩ ልጆች ይንገር፣ መቃብሩ ያለበት ቦታ ካለ ሄዶ ሳሩን ይንቀል፣ ዳቦ ቆርሶ ለአምስት ሰው ይስጥ። ዋሽንግተን ያለህ፣ ዱባይ ሰው ቤት የምትሰሪ፣ ለናንተም አይከብድም፣ አንድ ስልክ ደውሎ ለእናት «ዛሬ እገሌ ነው፣ ታስታውሺዋለሽ?» ማለት ነው። እናቶቻችን የሚያስታውሱትን ብትሰሙ ትደነግጣላችሁ። የኔዋ ጥላሁን ገሠሠ የሞተ ለት ፋሲካ እንደነበረ፣ ዶሮው ምድጃ ላይ እንዳለ ዜናው እንደመጣና ማንም እንዳልበላ ነገረችኝ፣ በመስቀል ተወልዶ በፋሲካ ሄደ ትላለች። በነገራችን ላይ ቀኑ ሚያዝያ 11 ነው፣ ፋሲካ በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል፣ በፋሲካ እየጠበቃችሁ የምትለጥፉ አስተውሉ።

እኔ ጥቅምት 10ን ይዣለሁ። የማሞ ወልዴን። 1961፣ ሜክሲኮ፣ አበበ ቢቂላ እግሩን ተጎድቶ ሲያቋርጥ ማራቶኑን ያሸነፈበት ቀን። ማሞ በኋላ በቀይ ሽብር ተከሶ ዘጠኝ ዓመት ታስሮ በ1994 ተፈታና በዛው ዓመት ግንቦት ላይ አረፈ፣ ክሱን ምናምን እዚህ አልከፍተውም፣ ብዙ ሰው ስሙን የሚሸሸው ለዛ እንደሆነ ግን አውቃለሁ። የዛሬ ዓመት ሰፈር ውስጥ ስድስት ልጆች ሰብስቤ ዳቦና ሻይ ገዝቼ ነገርኳቸው፣ አንዱ «ከኃይሌ ይፈጥናል?» አለኝ፣ ከዛ እስከ ማታ ድረስ ተከራከሩ።

ጓደኛዬ ሐምሌ 22ን ወስዷል፣ አቡነ ጴጥሮስ በ1928 የተረሸኑበትን፣ ሀውልታቸው ጋ ቆሞ ለአላፊ አግዳሚው ያወራል፣ ሰው ሰባኪ እየመሰለው ይሸሸዋል። ግንቦት 12 ሰው ይፈልጋል። ጳጉሜ 5ም እስካሁን ባለቤት የላትም፣ አበበ በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠባት ቀን ናት፣ ያን ቀን ሁላችንም በግ ተራ ዋጋ ስንጠይቅ ነው የምንውለው። የሚወስዳት ካለ ቶሎ ይበለኝ።